ውሃው የት ገባ?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ስለ ራዲያተር የሚያስብ ሰው የለም። ሹፌሩ የሚጨነቀው ለፍሬኑ ነው፤ ተሳፋሪው ለነፍሱ። ራዲያተር የሚታወሰው ድልድዩን ተሻግረው የጎሃ ጽዮንን ዳገት ሲጀምሩ ነው። በረሃው ይጋረፋል፣ መኪናው ተጭኗል፣ ማርሹ ከሁለተኛ አያልፍም። ፍጥነት ስለሌለ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፤ ሞተሩ ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ይሠራል። ከወንዙ እስከ አፋፉ 1,400 ሜትር ገደማ መውጣት አለ፤ ያንን ከፍታ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ነው የሚጨርሰው። ሜዳ ላይ ለዓመታት ተሸፋፍኖ የኖረ ጉድለት እዚያ ዳገት ላይ ይወጣል።

አጎቴ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ነበረችው፤ ባለ አንድ ጋቢና፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍታ ሞተር። ዘመኑ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ገና አልነበረም፣ የምንሻገረው በአሮጌው ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንሄድ ቅቤ፣ ማርና ጤፍ፣ ስንመለስ ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት እንጭናለን። ትምህርት ሲዘጋ ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ረዳት ሲባል ትልቅ ሥራ ይመስላል እንጂ ሁለት ነገር ነው፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ማስገባትና ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ መሮጥ።

አንድ ክረምት ፒካፗ ውሃ መጠጣት ጀመረች። ማታ ሞልተን ያሳደርነው ራዲያተር ጠዋት እንደሞላ ይገኛል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ሜዳ ሜዳውን ስንነዳም የሙቀት ጌጁ ከመሃል ንቅንቅ አይልም። ዳገቱን ወጥተን፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ቁርስ በልተን፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ክዳኑን ስንከፍት ግን ሁለት ሦስት ሊትር የለም። ከሥር የረጠበ ነገር እንዳንፈልግ ጊዜው ክረምት ነው፤ መሬቱም ሻሲውም ጭቃ በጭቃ ነው። አጎቴ መጨረሻ ላይ ዝናብ የማይገባበት መጋዘን ውስጥ አስገብቷት ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፈ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነበር። አንዲት የዘይት ጠብታ ብቻ አረፈችበት፤ እሷን ደግሞ እናውቃታለን፣ የቆየች ናት።

«ታዲያ ውሃው የት ገባ?» አለ አጎቴ። ያን ሰሞን ያገኘውን ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ አልነበረም። ጎሃ ጽዮን ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ሹፌር የእንቁላል ነጭ ጨምርበት ይለዋል፤ ሙቀቱ ሲያበስለው ቀዳዳውን ይደፍነዋል ባይ ነው። ሌላው በዱቄት ይምላል። ሦስተኛው ክዳኑን ቀይር ይላል። አራተኛው፣ እኔ በሄድኩበት ሁሉ የማገኘው ዓይነት ሰው ነው፣ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣልና ተገላገል» አለው።

ስለ ቴርሞስታት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። መኪና ሞቀ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው። ሥራው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ መዝጋት፣ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መክፈት ነው። ተዘግቶ የሚቀር ከሆነ በእርግጥ ጥፋተኛ ነው፤ ያንንም ለማወቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ጨምሮ ምድጃ ላይ እየጣዱ መክፈት አለመክፈቱን ማየት ይበቃል። ሳይፈተሽ የሚጣለው ግን ያለ ጥፋቱ ነው። በደጋ ብርድ ያለ ቴርሞስታት የሚነዳ ሞተር በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይውላል፣ ናፍታውን በደንብ አያቃጥልም፣ ያጨሳል፣ ቶሎ ያረጃል። ባለቤቱም የናፍታው ወጪ ለምን እንደጨመረ ሲገርመው ይኖራል። የእኛዋ ቴርሞስታት ከተጣለ ዘመን አልፎታል፤ ማን እንደጣለውም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ያን ጊዜ የምንከሰው ሌላ ሰው መፈለግ ነበረብን።

አጎቴ እንቁላሉን ጨመረ። የተወሰነ ጊዜ የተሻላት መሰለን። ከዚያ አንድ ቀን፣ ካሶኒው በቅቤ ቅል ተሞልቶ፣ ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ጌጁ ወደ ቀዩ ወጣ፤ ኮፈኑ ሥር ያለው ነገር ሁሉ እንደ ጀበና ገነፈለ።

አጎቴን በዚያች ሰዓት ነው ያደነቅኩት። አልተጣደፈም። ዳር ይዞ አቆመ፣ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም፣ በሚኒሞ እየሠራ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተ። ማሞቂያ ማለት ጋቢና ውስጥ ያለ ሌላ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከሞተሩ የተወሰነ ሙቀት ይወስዳል። በዓባይ በረሃ ሙቀት ማሞቂያ ከፍቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። ጌጁ ትንሽ ሲመለስለት አጠፋና ኮፈኑን አነሳ። ክዳኑን አልነካም። አብራን የነበረችው የቅቤ ነጋዴ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኧረ ልጄ፣ ውሃ አፍስስበት! ቅቤዬ እኮ ቀለጠ!»

«እትዬ፣ አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስኩበት ከቅቤዎ ሌላ የኔንም ቴስታታ ነው የምናጣው» አላት።

እውነቱን ነው። የጋለ ብረት ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ቴስታታው፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን ማለት ነው፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ትኩስ ክዳን የከፈተ ሰው ደግሞ ፊቱና እጁ ምን እንደሚሆን ጎሃ ጽዮን ላይ ጠባሳቸውን የሚያሳዩ ሹፌሮች ነበሩ። እኔ እንፋሎቱ ከየት እንደሚወጣ ለማየት አንገቴን ዘርግቼ ነበር፤ አይታይም። ሞተሩ ሲሠራ ቬንትሌተሩ ይበትነዋል፣ ሲጠፋ ደግሞ ከየአቅጣጫው ይጨሳል።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን የተማርነው የባሕር ጠረፍ ላይ ላለ ሰው ነው። ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተሩን ክዳን ዝም ብሎ ክዳን አድርጎ የሚያይ ሰው ስለዚህ ይሳሳታል። ውስጡ ስፕሪንግ አለው፤ ውሃው ሲሞቅና ሲሰፋ ግፊቱን ይዞ ያቆየዋል፣ በዚያም ከፍታ ላይ ቢሆን የሚፈላበትን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። በመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ታዲያ የምትወስደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ግፊቱንም ይዛ ትሄዳለች። ግፊቱ ሲሄድ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ ሲፈላ የበለጠ ይጎድላል። ሹፌሮች ክዳኑን በግማሽ ፈታ አድርገው የሚነዱበት ዘዴ ነበራቸው፤ ግፊት ከሌለ በቀዳዳው የሚገፋው ውሃ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ያደርሳል። ዳገት ላይ ግን ያው 92 ዲግሪ ይጠብቅሃል።

እየቆምን እየተነሳን አዲስ አበባ ገባን። አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ፈረደ። «ቴስታታ ነው። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ውሃው ይጠፋል፣ መሬት ላይ ግን አይታይም አላላችሁም? እንግዲያው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ እየተቃጠለ ነው።» ነገሩ ሲሰሙት ያሳምናል። ቴስታታ ማውረድ፣ ማስላግ፣ ጓርኒሲዮን መለወጥ ግን የአጎቴን የብዙ ምልልስ ትርፍ ጠራርጎ የሚወስድ ሥራ ነው። አጎቴ ገንዘብ ሲያስብ ዝም ይላል፤ ያን ቀን ከሰዓቱን በሙሉ ዝም አለ። ማታ የአገራችን ልጅ የሆነ ሹፌር አግኝቶት «ሞተር ከማስከፈትህ በፊት መርካቶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ራዲያተር ሠሪ ይዩልህ» አለው።

ቦታቸው ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ መደብ ናት። በር ላይ የሞቱ ራዲያተሮች ተደራርበዋል፣ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ውሃ ሞልቶ መሃል ላይ ተጋድሟል፣ የአሲድ ሽታ አፍንጫ ይሰረስራል። ሽማግሌው ወደ መኪናዋ ከመቅረባቸው በፊት ጠየቁ። ስትቆም ነው የምትጎድለው ወይስ ስትሄድ? ሜዳ ላይ ወይስ ዳገት? ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ ታጨሳለች? ጋቢና ውስጥ እግር ማሳረፊያው ይረጥባል? ይህን የመጨረሻውን ሲጠይቁ አጎቴ ግራ ገባው፤ ኋላ እንደተረዳሁት የማሞቂያው ራዲያተር ቢቀደድ ውሃው የሚወርደው እዚያ ነው።

ከዚያ «ነገ ጠዋት ሳታስነሳት፣ ገፍተህም ቢሆን አምጣት» አሉት። አጎቴ አጠገባቸው አሳደራት።

ጠዋት ክዳኑን ከፈቱ፣ ውሃውን አፉ ድረስ ሞሉና «አስነሳ» አሉ። ሁላችንም የራዲያተሩን አፍ ከብበን አየን። የቴስታታ ጓርኒሲዮን የተቃጠለ እንደሆነ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ያመልጣል፤ አረፋው ሳያቋርጥ ይንተከተካል፣ ላይኛው ቱቦም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይወጠራል። አንድ ሁለት አረፋ ወጣና ውሃው ረጋ። ዘይት መለኪያውን መዘው አዩ፤ ጥቁር ነው፣ ወተት የነካው ነገር የለም። መዳፋቸውን ማርሚታው አፍ ላይ ይዘው አሸተቱት። የውሃ ፖምፓውን ዘንግ ይዘው ነቀነቁት፤ አይነቃነቅም፣ ከሥሩ ካለችው ቀዳዳም የወረደ ነገር የለም። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨምቀው አዩ። የክዳኑን ላስቲክ በጥፍራቸው ፈተሹና «ይሄ ደርቋል፣ ትለውጠዋለህ፤ በሽታው ግን እሱ አይደለም» አሉ።

«ቴስታታ አይደለም፣ አባባ?» አለ አጎቴ።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ወደ ውስጥ አልገባም። ወደ ሰማይ ነው የሄደ።»

ባትሪ አብርተው በቬንትሌተሩና በራዲያተሩ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት እንድመለከት አደረጉኝ። በላይኛው ታንክ ጥግ፣ ታንኩ ከቱቦዎቹ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ፣ አረንጓዴና ነጭ የደረቀ ዱካ ነበር፤ ክንፎቹ ላይ ጥቂት ወርዶ ይቋረጣል። የመዳብ ዝገት ነው። ውሃው የሚወጣው ትኩስ ሲሆን ብቻ ነው፣ የሚያርፈው በጋለ መዳብ ላይ ነው፤ ወርዶ መሬት ሳይነካ ይተናል፣ የተረፈውን ቬንትሌተሩ ይነዛዋል። ያነጠፍነው ካርቶን ደረቅ ያደረው ለዚህ ነው።

ውሃው ተደፋ፣ የቱቦዎቹ ፋሼታ ተፈታ፣ ራዲያተሩ ወረደ። ሲወርድ ግን ሽማግሌው ቆም አሉ። ከሚይዙት አራት ቡሎኖች ሁለቱ የሉም፤ ጎሚኒውም ተበልቶ አልቋል። «ይኸውልህ ጥፋቱ» አሉ፤ ገና ቀዳዳውን ሳያገኙ። ያልታሰረ ራዲያተር በየጉድጓዱ ይንገጫገጫል፤ ሻሲው በተጣመመ ቁጥር ጥጉን ይጎትተዋል፤ ስፌቱን የያዘው ስታኞ ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ቀዳዳውን ደፍነው ይህን ቢተዉት በዚያው ቦታ ተመልሶ እንደሚከፈት ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ባየኋቸው ጋራዦች ቀዳዳ የሚደፍን እንጂ ለምን ተቀደደ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላጋጠመኝም።

አፎቹን በጎማ ውታፍ ደፈኑ፣ በአንዱ በኩል አየር ነፉበት፣ በርሜሉ ውስጥ አጠለቁት። ምንም የለም። አጎቴ ፊቱ ተለወጠ፤ የጋራዡ መካኒክ ነገር ትዝ ብሎት መሰለኝ። ሽማግሌው ግን አወጡትና ምድጃ ላይ የተጣደውን ማንቆርቆሪያ አንስተው የፈላውን ውሃ በዚያ ጥግ ላይ ቀስ እያሉ አፈሰሱበት። ወዲያው መልሰው አጠለቁት። ያን ጊዜ ከስፌቱ ሥር ደቃቅ አረፋ ተሰልፋ መውጣት ጀመረች። ብረቱ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ሚስማር አንስተው ዳርና ዳሩን ምልክት አደረጉበት።

መድፈኑ ከመፈለጉ አጠረ። ቢሆንም ላይኛውን ታንክ ማንሳታቸው አልቀረም፤ ሲያነሱት ቱቦዎቹ አፍ ላይ ጭቃ፣ ዝገትና ነጣ ያለ ድርቅ ያለ ነገር ተለጥፏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አጎቴ ዝም አለ። እኔ «እንቁላል ነው» አልኩ።

«ፍርፍር ልትሠራበት ነው?» አሉት፤ ጎረቤት ያሉት ሠራተኞች ሁሉ ሳቁ። ዱቄቱም እንቁላሉም ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ ውሃው የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች አብሮ ይዘጋል። ሽማግሌው ረጅም ቀጭን ላሜራ ይዘው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጎረጎሩ፤ ከየወንዙ የቀዳሁት ውሃ ያመጣው ደለል እየተፈረፈረ ወረደ። ከዚያ ስፌቱን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈገፈጉ። አሲዱን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ነበሩ፤ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ቅርፊቱን ቆራርጠው እየጨመሩበት፣ መፍላቱን ሲያቆም ይጠቀሙበታል። ቅርፊቱ ዚንክ ነው። ያንን አሲድ ያልተቀባ መዳብ ስታኞ አይቀበልም፤ ኳስ እየሠራ ይንከባለላል። የተቀባው ላይ ግን መጀመሪያ ይፈዛል፣ ከዚያ ድንገት ያበራል፣ ቀጥሎ እሳቱ ወደሄደበት ራሱ ይከተላል። የሽማግሌው እጅ አይንቀጠቀጥም፤ እሳቱን ከሚገባው በላይ ካቆዩት የጎረቤቱ ስፌት ይለቃል።

በርሜሉ ውስጥ በትኩስ ውሃ እንደገና ተፈተነ፤ ዝም አለ። ቡሎኖቹንና ክዳኑን ከሶማሌ ተራ ገዛን። ጎሚኒውን ሽማግሌው ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው ሰጡን፤ የተከፈላቸው ደግሞ ጋራዡ ከጠየቀው አጠገብ እንኳ የሚደርስ አልነበረም። ፒካፗ ከዚያ በኋላ የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስትወጣ ጌጁ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ እዚያው ይቆማል። አጎቴ እስኪሸጣት ድረስ ያ ስፌት አልተነካም።

አሁን የምነዳው ፒካፕ አዲስ የሚባል ነው። ራዲያተሩ የአልሙኒየም ነው፣ ታንኮቹ ላይና ታች ፕላስቲክ ናቸው፤ ፕላስቲኩ ከብረቱ ጋር የተያያዘው በላስቲክና በታጠፈ ጥርስ ነው። ዓምና ፕላስቲኩ ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ። የጠየቅኳቸው ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሉኝ፤ «ሙሉውን ለውጠው።» ሐሰት አልነገሩኝም። ፕላስቲክ ስታኞ አይዝም፤ ማጣበቂያውም በግፊትና በሙቀት ብዙ አይቆይም። እንዲህ ዓይነቱ ራዲያተር ከ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ዓለምን የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። አልሙኒየም ከመዳብ ሦስት እጥፍ ገደማ ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ፋብሪካ በብዛት ያመርተዋል፤ አዲስ ሆኖ ሳለ በደንብ ያቀዘቅዛል። መዳብ ግን ሙቀት በማስተላለፍ ይበልጠዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይፈታል፣ ይጠረጋል፣ ይታከማል። ዕድሜ ልኩን ወንዝ ለወንዝ ውሃ የሚቀዳ፣ ጥርጊያ መንገድ ላይ የሚንገጫገጭ መኪና ላለበት አገር የትኛው ይሻላል ብትሉኝ መልሴ አይዘገይም። አዲሱን የያዘ ሰው ቢያንስ ኩላንት ይጨምርበት፤ የወንዝ ውሃ አልሙኒየምን ቶሎ ይበላል።

መርካቶም ስታኞ የሚያቀልጡት ሰዎች ዛሬ በርካታ አይደሉም። ሥራ ስላጡ ነው፤ የሚመጣላቸው ራዲያተር አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። የመዳቡ በኪሎ እየተመዘነ ለቀላጭ ይሸጣል። ስለዚህ ግቢያችሁ ጥግ የተጣለ የመዳብ ራዲያተር ካለ፣ አሮጌ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ሳትጠይቁ ለቆራሌው አትስጡት።